ቻርልስ ሄንሪ ላንድ፦ ሸክላን ከጥርስ ጋር ለማዋሐድ የደከሙ ሐኪም

የአንድ ሙያ አባቶች ሲታሰቡ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ጀምረው የፈጸሙት ሥራ ነው። አዳራሽ በስማቸው የሚሰየመው፣ በመማሪያ መጽሐፍም ስማቸው የሚሰፍረው ስለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ጀምረው ሳይፈጽሙት ያለፉት፣ ለተከታዩ ትውልድ እንደ ዕዳ ያወረሱት ጥያቄ ከተፈጸመው ሥራ ያላነሰ ክብር የሚገባው ጊዜ አለ። የቻርልስ ሄንሪ ላንድ ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው። እኒህ ሰው የተፈጥሮን ጥርስ የሚመስል የሸክላ ዘውድ መሥራት ችለዋል፤ ሸክላውን ከሕያው ጥርስ ጋር አንድ አካል ማድረግ ግን በዕድሜያቸው አልሆነላቸውም። የቀረው ሥራ እስኪፈጸም እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በአሮጌው የምድር ባቡር መሥመር ላይ ከምትገኘው ከሁርሶ አንድ ወጣት ሠልጣኝ በልምምድ ላይ ወድቆ የፊት ጥርሱ ተሰብሮ ወደ ከተማ መጣ እንበል። ዕድሜው ገና ሃያ አልሞላም፤ ሲናገር አፉን በእጁ ይሸፍናል። ለሚያክመው ባለሙያ ዛሬ የቀረበለት አማራጭ ብዙ ነው። ከእነዚህም አንዱ ከሸክላ የተሠራ ስስ ልባጥ ወይም ዘውድ አሠርቶ ከወጣቱ ከራሱ ጥርስ ጋር ማጣበቅ ነው። ባለሙያው የጥርሱን ገጽ በፎስፎሪክ አሲድ ያሻክራል፤ ያጥባል፤ ያደርቃል። የሸክላውን የውስጥ ገጽ ደግሞ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አሻክሮ ሲሌን የተባለውን አገናኝ ቅመም ይቀባዋል። ከዚያም ሁለቱን በሬዚን ሙጫ ያያይዛቸዋል። ወጣቱ መስታወት ተቀብሎ ራሱን ያያል፤ እጁም ከአፉ ላይ ይወርዳል። በአንድ ቀጠሮ የሚያልቀው ይህ ሥራ በስተጀርባው የመቶ ዓመት ያህል ድካም አለው፤ በድካሙ መነሻ ላይ ከሚገኙትም ሰዎች ዋነኛው ላንድ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሸክላ የሚባለው ፖርስሊንና ከእሱ ወዲህ የመጡት የሴራሚክ ዓይነቶች ሲሆኑ፣ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ዘመን

ላንድ የተወለዱት በ1847 በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ሲምኮ በምትባል ከተማ ነው። የሥራ ዕድሜያቸው የሚታወቀው ግን ድንበሩን ተሻግረው በተቀመጡባት በአሜሪካዊቷ ከተማ በዲትሮይት ነው። ያገቧት ኢቫንጀሊን ሎጅ የዲትሮይት ሐኪም ልጅ ስትሆን፣ ወንድሟ ጆን ሎጅም በኋላ የከተማይቱ ከንቲባ ለመሆን የበቃ ሰው ነው።

የተወለዱበት ዘመን ለጥርስ ሕክምና የመነቃቃት ዘመን ነበር። የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በባልቲሞር ከተማ ከተከፈተ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ከመወለዳቸው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1846፣ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በቦስተን ሆስፒታል ኤተርን ለማደንዘዣ ተጠቅሞ በዓለም ፊት አሳይቶ ነበር። በ1855 ደግሞ ስስ የወርቅ ቅጠል በብርድ ተቀጥቅጦ ከራሱ ጋር እንዲዋሐድ የማድረግ ብልሃት ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የተዋጣለት የጥርስ ሐኪም የሚባለው በበሰበሰ ጥርስ ውስጥ ወርቅን በትዕግሥት እየቀጠቀጠ የሚሞላ ሰው ሆነ።

ወርቁ ጠንካራና ዕድሜው ረጅም ነው። ነገር ግን በፊት ጥርስ ላይ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ለአንዳንዱ ይህ የሀብት ምልክት ነበር፤ ለሌላው ግን ሲስቅ አፉን የሚያስከድነው ነውር ነበር። አክሊሉ ፈጽሞ ለተሰበረ ጥርስ የነበረው ሕክምና ደግሞ ከዚህ ይከፋ ነበር። በዘመኑ በሰፊው የተለመደው መንገድ የተረፈውን የጥርስ አካል እስከ ድዱ ድረስ ቆርጦ ማንሳት፣ ነርቩን መግደል፣ ከሥሩም ውስጥ ችካል ተክሎ በላዩ ላይ ሰው ሠራሽ አክሊል ማስቀመጥ ነበር። ጥርስን ለማስዋብ ሲባል ጥርስ ይገደል ነበር ማለት ነው። ላንድን ዕድሜ ልካቸውን ያስጨነቃቸው ይህ ነገር ነው። ያዩት መፍትሔ ሕያው ጥርስ ሕያው እንደሆነ፣ እንደ እጀ ጠባብ ስስ የሸክላ ልብስ ማልበስ ነበር። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ዘውድ እስከ ዛሬ ጃኬት ብለው የሚጠሩት ስለዚህ ነው።

ሸክላ ለጥርስ ሥራ እንግዳ ነገር አልነበረም። አውሮፓውያን የቻይናን ነጭ ሸክላ ምሥጢር በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጀርመን አገር፣ በማይሰን ከደረሱበት በኋላ፣ በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ፈረንሳዮች ከሸክላ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርሶችን መሥራት ጀምረው ነበር። በ1808 ደግሞ ጣሊያናዊው ፎንዚ በፕላቲነም ችካል የሚያያዙ ነጠላ የሸክላ ጥርሶችን በፓሪስ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ጥርስ ለሌለው አፍ የሚሆኑ ነበሩ። ለአንድ ሰው አንድ ጥርስ፣ በልኩ ተለክቶ፣ በሕያው አካል ላይ የሚቀመጥ ሸክላ መሥራት ሌላ ችሎታ ይጠይቅ ነበር።

የቅጠሉና የእሳቱ ብልሃት

ችግሩ ምን እንደነበር ጀበና የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጭቃ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲተኮስም ይብስ ይሰበሰባል። የጥርስ ሸክላ ዱቄትም ከፌልድስፓር፣ ከኳርትዝና ከጥቂት ነጭ አፈር ተደባልቆ በውሃ ተለውሶ ሲተኮስ ከይዘቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ለጀበና ሲሶ መሰብሰቡ ጉዳት የለውም፤ ለጥርስ ግን የፀጉር ውፍረት ያህል ክፍተት ምራቅና ተሐዋስያን መግቢያ በር ነው። በተጨማሪም ለስላሳው ሊጥ ቅርጹን ይዞ ወደ ምድጃ የሚገባበት አልጋ ያስፈልገዋል፤ አልጋውም እሳቱን መቻል አለበት።

ላንድ አልጋውን ከፕላቲነም ሠሩት። ፕላቲነም የሚቀልጠው 1768 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲሆን፣ እርሳቸው የተጠቀሙበት ዓይነት ሸክላ የሚበስለው በ1300 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወርቅ ግን 1064 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንግዲህ የፕላቲነሙን ቅጠል ከወረቀት አሳንሰው፣ በተዘጋጀው ጥርስ ቅርጽ ላይ በመዳመጫ እያሹ አንድም መጨማደድ ሳይቀርበት ያለብሱታል። ቅጠሉን ቅርጹን እንደያዘ አውጥተው፣ ሊጡን በላዩ ደራርበው ይተኩሳሉ። የተሰነጠቀውንና የተሰበሰበውን በአዲስ ሊጥ ሞልተው ደግመው ይተኩሳሉ። በመጨረሻም ቅጠሉን ከውስጥ ልጠው ያወጡታል። የሚቀረው የጥርሱን ልክ የያዘ ንጹሕ ሸክላ ነው። ቅጠሉ የነበረበት፣ ከአንድ ሚሊሜትር አርባ እጅ አንዱን ያህል ስፋት ያለው ቦታም ለማያያዣው ሲሚንቶ ይተርፋል።

ይህን አሠራር መሠረት አድርገው በ1880ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ጀምሮ በመጀመሪያ ለተቦረቦረ ጥርስ የሚሆን የሸክላ ሙሌት፣ ቀጥሎም ጥርስን ዙሪያውን የሚያለብስ ዘውድ ሠሩ። በ1886 ባሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ በብረት ላይ ሸክላ አንጥፎ በመተኮስ እጅግ የተጎዱ ጥርሶችን ስለ መጠገን አስረድተዋል። ብረትና ሸክላን ማጋባት ግን ሌላ ፈተና አለው። በሁርሶ ጣቢያ በአሮጌው ሐዲድ ላይ የተራመደ ሰው በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ሆን ተብሎ የተተወውን ክፍተት አይቷል፤ ብረት በቆላው ፀሐይ ስለሚለጠጥ ክፍተቱ ባይተው ሐዲዱ ይጣመማል። በምድጃ ውስጥም እንዲሁ ብረትና ሸክላ እኩል ካልተለጠጡና እኩል ካልተሰበሰቡ ተያይዘው ሲቀዘቅዙ ሸክላው ይሰነጠቃል። የሁለቱን መለጠጥ የሚያስማማ ቅይጥና ሸክላ በአስተማማኝ ሁኔታ ተገኝቶ ፓተንት የወጣለት በ1962 ነው። ላንድ መንገዱን ያዩት ከዚያ ከሰባ ዓመት በላይ አስቀድመው ነበር።

ሥራው የሐኪም ብቻ አልነበረም። ላንድ የጋዝ ምድጃዎችን ራሳቸው ያሻሽሉ፣ ሸክላውን ራሳቸው ይቀምሙ፣ ቀለሙን ራሳቸው ያመሳስሉ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሸክላ ምድጃ የመጣው በ1894 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የእሳቱን ኃይል መገመት በዓይን ልምድ ነበር። እሳቱ ጥቂት ካነሰ ሸክላው ጥሬ ሆኖ ይቀራል፤ ጥቂት ከበዛም ቅርጹን ጥሎ ይቀልጣል።

ፓተንትና ጠብ

የላንድ ሕይወት መራራ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ለቅጠሉ አሠራርና ለሸክላው ዘውድ ፓተንት አወጡ። በማንኛውም ፋብሪካ ይህ ተራ ነገር ነው፤ በዚያን ዘመን የጥርስ ሐኪሞች ዘንድ ግን ቁስል መንካት ነበር።

ቁስሉን የከፈተው የጎማ ጉዳይ ነው። በ1864 ለጠንካራ ጎማ የጥርስ መደገፊያ በወጣ ፓተንት አማካይነት ጉድይር ዴንታል ቮልካናይት የተባለ ኩባንያ በአሜሪካ የሚገኙ የጥርስ ሐኪሞችን ሁሉ ፈቃድ እንዲገዙ ያስገድድ፣ የማይከፍሉትንም በየከተማው እየተከታተለ ይከስስ ነበር። የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ጆሳያ ቤከን በ1879 በሳን ፍራንሲስኮ ከከሰሳቸው የጥርስ ሐኪሞች በአንዱ እጅ ተገደለ። ፓተንቱ በ1881 ዘመኑ ሲያበቃ ሙያው በእፎይታ ተነፈሰ። ይሁን እንጂ ወዲያው ደግሞ ሌላ ኩባንያ በዘውድና በድልድይ ሥራ ፓተንቶች መክሰስ ጀመረ። በዚህም ምክንያት በ1888 የጥርስ ሐኪሞች በቺካጎ የመከላከያ ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ አዋጥተው ይሟገቱ ነበር። ላንድ ፓተንታቸውን ይዘው ብቅ ያሉት በዚሁ ሰዓት ነው።

በሌላ በኩል የሙያው ሰዎች በኩራት የሚጠቅሱት ምሳሌ ነበራቸው። ሳንፎርድ ባርነም በ1864 በሥራ ጊዜ ጥርስን ከምራቅ የሚለየውን ስስ የጎማ መጋረጃ ሲፈለስፉ፣ ምንም ክፍያ ሳይጠይቁ ለባልደረቦቻቸው ሁሉ በነጻ ሰጥተዋል። ላንድ በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ ቀለው ታዩ። ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ሻከረ። ዘዴያቸውም እንደሚገባው ፈጥኖ ሳይዳረስ ቀረ።

ፍርዱ ቀላል አይደለም። ሐኪም የሰውን ሕመም የሚያቀልል ብልሃት ካገኘ በኋላ አጥር ማጠሩ የሙያውን መሐላ ይቃረናል የሚለው ክርክር ጽኑ ነው። የላንድ ወገንም ግን መልስ አለው። ፕላቲነሙን፣ ጋዙንና ምድጃውን በገንዘባቸው ገዝተው፣ ለዓመታት የተበላሸ ሸክላ ሲጥሉ የኖሩት እርሳቸው ናቸው። ምርምርን የሚደጉም ዩኒቨርሲቲ አልነበራቸውም። ደግሞም ፓተንት አሠራሩን በዝርዝር ለሕዝብ የሚገልጽ ሰነድ እንጂ የምሥጢር ጓዳ አይደለም። ላንድ ስለ ሥራቸው በሙያ መጽሔቶች ላይ ከመጻፍም አልቦዘኑም። በ1903 ዴንታል ኮስሞስ በተባለው ታዋቂ መጽሔት ስለ ሸክላ ጥበብ ያወጧቸው ጽሑፎች የዘውዱን አሠራር ለሙያው ሁሉ ያስተዋወቁ ሆነው ይታወቃሉ። በአሜሪካ ሕግ የፓተንት ዕድሜ በዚያን ጊዜ 17 ዓመት ነበርና ከዚያ ጥቂት ቆይቶ አጥሩ በራሱ ጊዜ ፈረሰ፤ የሸክላው ጃኬትም በአሜሪካና በአውሮፓ ተስፋፋ። በመካከሉ የጠፋው ጊዜ ግን አልተመለሰም።

የምድር ቤቱ ቤተ ሙከራ

ላንድ በዲትሮይት ከመኖሪያ ቤታቸው ቤተ ሙከራ ነበራቸው። ምድጃ፣ ጠርሙስ፣ ማዕድንና መሣሪያ የሞላበት ይህ ክፍል ለቤተ ሰቡ እንደ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ሆነ። ሴት ልጃቸው ኢቫንጀሊን በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምራ መምህር ሆነች፤ ሴት ልጅ ኬሚስትሪ ማጥናቷ ብርቅ በነበረበት ዘመን ይህ የአባቷን ቤት መንፈስ ያሳያል። ወደ ሚኔሶታ ሄዳ ስታስተምር አንድ የሕግ ሰው አግብታ፣ በየካቲት 1902 በዲትሮይት ወንድ ልጅ ወለደች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ዓለም በብረትና በእንፋሎት እየተቀራረበች ነበር። ሕፃኑ ቻርልስ ሊንድበርግ አድጎ ደግሞ በአየር የሚያቀራርባት ሆነ፤ በግንቦት 1927 ብቻውን ያለ ማረፍ ከኒው ዮርክ ፓሪስ በ33 ሰዓት ተኩል በረረ።

ሊንድበርግ የልጅነት ዘመኑን ሲያስታውስ የአያቱን ቤተ ሙከራ የሳይንስ ፍቅር የጀመረበት ቦታ አድርጎ ያነሣው ነበር። አያትየው ለልጅ አደገኛ የሚመስለውን መሣሪያ ሳይከለክሉ፣ እየተጠነቀቁ ያስነኩት ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ በ1935፣ ሊንድበርግ ከፈረንሳዊው ሐኪም ከአሌክሲስ ካሬል ጋር ሆኖ ከሰውነት የወጣን የአካል ክፍል ሕያው አድርጎ የሚያቆይ የመስታወት ፓምፕ ሠራ። ሕያው አካልንና በእሳት የበሰለ ቁስን ማስማማት የአያትም የልጅ ልጅም ሥራ ሆኖ መገኘቱ ልብ የሚነካ ነገር ነው። ላንድ ግን ይህንንም በረራውንም አላዩም። በ1922 በሰባ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ዐርፈው ነበር።

ያልተፈታው ቋጠሮ

ላንድ ሲሞቱ ዘውዳቸው በዓለም ዙሪያ ይሠራ ነበር፤ ይሰበርም ነበር። ምክንያቱን ዛሬ ማስረዳት ይቻላል። የዘመኑ ማያያዣ በ1870ዎቹ መጨረሻ የመጣው የዚንክ ፎስፌት ሲሚንቶ ነበር። ይህ ሲሚንቶ ክፍተትን ይሞላል፤ በጥርሱና በዘውዱ ገጽ ላይ ካለው ሻካራነት ጋርም ይነካከሳል። ከየትኛቸውም ጋር ግን አይጣበቅም። ዘውዱ የሚቆመው እንደ ቆብ ጠብቆ በመቀመጡ ብቻ ነው።

ሸክላ ደግሞ መጨመቅን እንጂ መለጠጥን አይችልም። የተነከሰበት ኃይል ዘውዱን ከውጭ ሲጫነው የውስጥ ገጹ በጥቂቱ ይለጠጣል። በውስጥ ገጹ ላይ ዓይን የማያያት አንዲት ጭረት ካለች፣ ስንጥቁ ከእሷ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይሄዳል። ጀበና ላይ የፀጉር ያህል የነበረች ስንጥቅ አንድ ቀን ቡናውን ምድጃ ላይ እንደምታፈስስ ዓይነት ነው። ዘውዱ ከሥሩ ካለው ጥርስ ጋር ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ ግን ጥርሱ ከኋላው ሆኖ ይደግፈው፣ ሙጫውም የጭረቷን አፍ ይዘጋት ነበር። ደካማው ሸክላ በአፍ ውስጥ የሚጠነክረው በራሱ ኃይል አይደለም፤ ከሚያርፍበት ጋር አንድ ሲሆን ነው። ላንድ ቁሱን ፍጹም ለማድረግ ደከሙ፤ የጎደለው ግን ቁሱ ሳይሆን ቁርኝቱ ነበር።

በ1930ዎቹ ዓመታት ቻርልስ ፒንከስ የተባሉ የካሊፎርኒያ የጥርስ ሐኪም ለሆሊዉድ የፊልም ተዋንያን ስስ የሸክላ ልባጥ ሠርተው ነበር። ልባጡ ግን የሚቆየው ቀረጻው እስኪያልቅ ነው፤ የሚያያዘው የሰው ሠራሽ ጥርስ በሚያዝበት ጊዜያዊ ዱቄት ስለነበር ማታ ይወልቅ ነበር። ውበቱ ደረሰ፤ ማጣበቂያው አልደረሰም።

ቋጠሮውን የፈታው እጅ የመጣው ከሮችስተር ከተማ ነው። በኢስትማን የጥርስ ሕክምና ተቋም ይሠሩ የነበሩት ማይክል ቡኦኖኮሬ፣ ፋብሪካዎች ቀለም በብረት ላይ እንዲይዝ አስቀድመው ብረቱን በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚያሻክሩት ያውቁ ነበር። ለምን በጥርስ ላይ አይሞከርም ብለው በ1955 ባሳተሙት ጥናት፣ የጥርስን ጠንካራ ቅርፊት በ85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሴኮንድ ቢቀቡት ሰው ሠራሹ ሬዚን እጅግ አብልጦ እንደሚይዝ አረጋገጡ። ግንበኛ ልስን ከመምታቱ በፊት ግድግዳውን ቆጥቁጦ እንደሚያሻክረው መሆኑ ነው። የቤት እመቤት አዲስ ምጣድ ስታሟሽ በተቃራኒው ትሠራለች፤ እንጀራው እንዳይጣበቅ ቀዳዳዎቹን በቅባት ትደፍናለች። ቡኦኖኮሬ የጥርሱን ቀዳዳዎች ከፈቱ፤ ሬዚኑ ገብቶ ጥፍሩን ሰደደ።

ቡኦኖኮሬ ግኝታቸውን ለማንም ክፍት በሆነ የምርምር መጽሔት አወጡት። ያም ሆኖ ሙያው ለአሥር ዓመት ያህል ብዙም አላዳመጣቸውም። ለላንድ አጥሩ እንቅፋት ሆነባቸው ቢባል፣ ለቡኦኖኮሬ እንቅፋት የሆነው የአንባቢው ቸልተኝነት ነው። ዕውቀት የሚዘገየው ሰጪው ሲሰስት ብቻ ሳይሆን ተቀባዩ ሲተኛም ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። ራፋኤል ቦወን ለ1962ቱ ሬዚናቸው የመስታወት ቅንጣትን በሲሌን ከፕላስቲክ ጋር አገናኙ። በ1965 እንግሊዛውያኑ ማክሊንና ሂዩዝ በሸክላው ውስጥ አልሙና ጨምረው ጥንካሬውን እጥፍ ያህል አሳደጉት። በ1976 ማክሊን ከስሴድ ጋር የፕላቲነሙን ቅጠል ከውስጥ ሳያወጡ በቆርቆሮ ለብጠው ከሸክላው ጋር አስያዙት። ላንድ ልጠው ይጥሉት የነበረው ቅጠል ከዘጠና ዓመት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። በ1975 ፈረንሳዊው ሮሼት ለተሰበረ የፊት ጥርስ በሲሌን የተቀባ ሸክላን በአሲድ በተሻከረ ጥርስ ላይ አጣበቁ። በ1983 ደግሞ ሲሞንሰንና ካላሚያ፣ በዚያው ዓመትም ሆርን፣ የሸክላውን የውስጥ ገጽ ራሱን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ማሻከር የሚያስገኘውን ጽኑ ቁርኝት አሳዩ። ሁለቱም ወገን፣ ጥርሱም ሸክላውም፣ እጅ ለእጅ የተያያዙት ያን ጊዜ ነው።

ከላንድ የሚቀር ትምህርት

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆአችን፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በሌሎችም አካባቢዎች የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የብዙ ሰው ጥርስ ቡናማ ቀለም ይዞ ያድጋል። ወጣቶች ስለዚህ ነገር በኀፍረት ይኖራሉ። እንዲህ ያለውን ጥርስ እስከ ነርቩ ሳይሞርዱ በስስ የሸክላ ልባጥ መሸፈን የላንድ ሕልም ራሱ ነው። ነገር ግን ፍሎራይድ የጠጣ የጥርስ ቅርፊት አሲድን ስለሚቋቋም ከተለመደው የረዘመ የማሻከሪያ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ውድ ሸክላ አጣብቆ በወሩ ወልቆ ሲመለስለት ያያል።

እንደ ድሬዳዋና ሁርሶ ባሉ ቆላ አገሮችም ሙቀቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የማጣበቂያው ጠርሙስ ክዳኑ ሳይጠበቅ ከዋለ ማሟሚያው ይተናል፤ ያለ ማቀዝቀዣ ከከረመም ኃይሉ ይደክማል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድም ሥጋን አልፎ ዘልቆ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ በታካሚ አፍ አጠገብ እንደ ተራ ነገር የሚያዝ አይደለም። ዚርኮኒያ የተባለው አዲሱ ጠንካራ ሸክላ ደግሞ በዚህ አሲድ አይሻከርም፤ በአሸዋ ርጭት ተሻክሮ ፎስፌት ያለበት ልዩ ቅብ ይፈልጋል። ሸክላ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ለሁሉም አንድ ሥርዓት የሚከተል ሰው ላንድ ቆመው ከቀሩበት ቦታ አንድ እርምጃ አላለፈም። ከሁሉ በላይም ምራቅ የነካው ገጽ አይያዝም፤ በ1864 ባርነም በነጻ የሰጡት የጎማ መጋረጃ ዛሬም ከውዱ መሣሪያ ሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የላንድ ሕይወት ለሙያ ማኅበር አባላት የሚተወው ጥያቄም አለ። ብልሃት ያገኘ ሰው ድካሙ ካልተከፈለው ደግሞ አይደክምም፤ ብልሃቱን ካጠረው ግን ሙያው ይጎዳል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ማኅበር ነው። አባሉ ያየውን እንዲጽፍ የሚያበረታታ፣ የጻፈውን የሚያነብብለት፣ ስሙንም የሚያከብርለት ማኅበር ባለበት ላንድም አጥር ለማጠር ባልተገደዱ፣ ቡኦኖኮሬም ሰሚ ባላጡ ነበር። በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አንድ ባለሙያ የትኛው ልባጥ እንደ ጸናና የትኛው እንደ ወለቀ በመዝገቡ ይዞ ይሆናል። ያ መዝገብ በመሳቢያ ከቀረ ከላንድ ፓተንት የበለጠ አጥር ነው።

ከሁርሶ የመጣው ወጣት ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። ማወቅም አይጠበቅበትም። የሚያውቀው ጥርሱ እንደ ዳነ፣ ነርቩም እንዳልተነካ፣ ሲስቅም እጁ ወደ አፉ እንደማይሄድ ብቻ ነው። ላንድ በጋዝ ምድጃቸው ፊት ተቀምጠው፣ የፕላቲነም ቅጠል በጣታቸው እያሹ የፈለጉት ይህንኑ ነበር።